ለገጽ ተሥለው በግድግዳ የቀሩ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ በአይ-95 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ባልቲሞርን ያልፋል፣ ሰፊውን የሰስኳሃና ወንዝ በድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያም ዴላዌር የምትባለውን ትንሽ ግዛት ያገኛል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ በደንብ እናውቀዋለን። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለልቅሶ ወደ ፊላደልፊያና ወደ ኒው ዮርክ ስንመላለስ ዊልሚንግተንን በመኪና መስኮት አይተናት እናልፋለን። ከመንገዱ የሚታዩት የባንክና የኩባንያ ሕንፃዎች ስለሆኑ መንገደኛ ወርዶ የሚያየው ነገር ያለ አይመስለውም። ነገር ግን ከዚህች ከተማና ከጀርባዋ ካለው ከብራንዲዋይን ሸለቆ የወጡ ሥዕሎች የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን የልጅነት ምናብ ቀርጸዋል።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። የባሕር ወንበዴ ሲባል በዐይነ ልቦናችን የሚመጣ ሰው አለ። ራሱን በጨርቅ ያሰረ፣ ወገቡን በቀይ መቀነት የታጠቀ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ይህን መልክ ከማንም በላይ ያጸናው ሃዋርድ ፓይል የተባለ የዊልሚንግተን ሠዓሊ ነው። የድሮ አልባሳትን ከራሱ ምናብ ጋር አዋህዶ ለመጽሔትና ለመጽሐፍ ሣለው፤ የሆሊውድ ፊልም ሠሪዎች ከእሱ ወሰዱት፤ እኛም ከፊልሙ ወሰድነው። ስሙን ሳናውቅ የእጁን ሥራ ስናይ ኖረናል ማለት ነው።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት ኦሪጅናሎቹን ለማየት ነው። በመጽሐፍ ውስጥ የታተመ ሥዕል ሁሉ መጀመሪያ የተሣለበት ሸራ ወይም ወረቀት አለው፤ ካልሆነም ነበረው። አንባቢ ያንን አያየውም። አንባቢ የሚያየው ተቀንሶ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ከገጹ ጋር የታጠፈውን ነው። የመጽሐፍ ሠዓሊ የሚደክመው ማንም በቀጥታ ለማያየው ሥራ ነው። ያን ያህል የደከመውን ሰው እጅ በቅርብ ማየት ፈለግሁ።

ዊልሚንግተን

የዴላዌር ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዛፍ በበዛበት የመኖሪያ ሰፈር፣ በኬንትሚር ፓርክዌይ ላይ ይገኛል። ሙዚየሙ የተመሠረተው በአንድ ሰው ሞት ምክንያት ነው። ሃዋርድ ፓይል በኖቬምበር 1911 ጣሊያን ፍሎረንስ ውስጥ በ58 ዓመቱ አረፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወዳጆቹና ተማሪዎቹ የነበሩ ሠዓሊዎች ሥራዎቹ እንዳይበተኑ ሰጉ። በ1912 ማኅበር አቋቁመው ሥዕሎቹን ገዝተው ሰበሰቡ። የዛሬው ሙዚየም ያደገው ከዚያ ማኅበር ነው። አንዲት ከተማ ለመጽሐፍ ሠዓሊዋ ብላ ሙዚየም መመሥረቷን በብዙ ቦታ አልሰማሁም።

ፓይልን ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የመጽሐፍ ሥዕል አባት እየተባለ የሚጠራው ፊሊክስ ዳርሊ ነው። በ1822 ፊላደልፊያ ተወለደ፤ በ1888 ደግሞ ከዊልሚንግተን ብዙም በማትርቀው በክሌይሞንት አረፈ። የዋሽንግተን ኧርቪንግን «ሪፕ ቫን ዊንክል»፣ ቀጥሎም የጄምስ ፌኒሞር ኩፐርን ልብ ወለዶች በሥዕል ያስጌጠ እሱ ነው። በዘመኑ ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር አብሮ ለማተም ዋናው መንገድ የእንጨት ቅርጽ ነበር። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ይሥላል፤ ቀራጩ ደግሞ ነጭ መሆን ያለበትን ቦታ በስለት እየፈለፈለ መስመሩን ብቻ ከፍ አድርጎ ይተወዋል። ቀለም የሚቀባውና ወረቀት ላይ የሚያርፈው ያ መስመር ነው። እንግዲህ ቀራጩ ሲጨርስ የሠዓሊው እርሳስ የነካው ነገር ከእንጨቱ ላይ አይኖርም። መጽሐፉ እንዲወጣ ኦሪጅናሉ መጥፋት ነበረበት። የዚያ ዘመን አንባቢ ያየው የሠዓሊውን ሐሳብ በቀራጩ እጅ ተተርጉሞ ነው።

ኋላ ሥዕልን በፎቶግራፍ ወደ እንጨቱ ማዛወር ተቻለ፤ ኦሪጅናሉም መትረፍ ጀመረ። በ1890ዎቹ ደግሞ ሥዕልን በጥቃቅን ነጥቦች ከፍሎ ወደ ብረት ሰሌዳ የሚያሻግረው የፎቶግራፍ ዘዴ ተስፋፋ፤ ባለ ቀለም ኅትመትም ተከተለ። ያኔ ሠዓሊው ከእንጨቱ ጥበትም ከቀራጩ ስለትም ተላቀቀ። በፈለገው መጠን፣ በዘይት ቀለም፣ በሸራ ላይ መሥራት ቻለ። ፓይል የሁለቱም ዘመን ሰው ነው። በ1883 ራሱ ጽፎ ራሱ የሣለው «ሮቢን ሁድ» በብዕርና በጥቁር ቀለም የተሠራ ነው። የመጨረሻ ዓመታቱ ሥራዎች ግን ግድግዳ የሚሞሉ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ናቸው።

ስለ «ሮቢን ሁድ» አንድ ነገር ማንሳት እወዳለሁ። ፓይል እስከ 1910 ድረስ አውሮፓን በእግሩ አልረገጠም። የሸርዉድን ጫካ፣ የእንግሊዝን መንደር፣ የመካከለኛውን ዘመን ባላባትና ቀስተኛ የሣለው ዊልሚንግተን ሆኖ ነው። ከመጻሕፍት አጠና፣ ከአሮጌ የጀርመን ቅርጾች መስመር ተማረ፤ ለቀረው በአካባቢው ያለውን ዛፍና ጅረት ተመለከተ። ከሙዚየሙ ወጥቼ በብራንዲዋይን ዳር ስሄድ ያየኋቸው ወፍራምና ቅርንጫፋቸው የተንሰራፋ ዛፎች ዐይኔ የሚያውቃቸው መሰሉኝ።

በአዳራሹ ውስጥ ብዙ ከቆምኩባቸው ሥዕሎች አንዱ በ1909 የሠራው፣ በሰው አልባ ደሴት የተጣለ ወንበዴ ሥዕል ነው። ወንበዴዎች ሕጋቸውን የጣሰውን ባልደረባቸውን የሚቀጡት ባዶ ደሴት ላይ ጥለውት በመሄድ ነበር። ፓይል ይህን ታሪክ ከብዙ ዓመት በፊት ለመጽሔት ሥሎት ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ተመለሰበትና በትልቅ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ሣለው። ሸራው በጎኑ ረዘም ያለ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ሰማይና አሸዋ ነው፤ ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም የሚያቃጥል። ሰውዬው ትንሽ ሆኖ ወደ ታች አሸዋው ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱን አቅፎ ራሱን ደፍቷል፤ ፊቱ አይታይም። ባሕሩ ራቅ ብሎ ቀጭን መስመር ሆኗል፤ ወፎች ከሩቅ ይበርራሉ።

ይህን ሥዕል በመጽሐፍ ታትሞ ያየ ሰው ታሪኩን ይረዳል። ሸራው ፊት የቆመ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኘዋል። ሰማዩ ከተመልካቹ ይሰፋል፤ ባዶነቱ ያስጨንቃል። ጠጋ ሲሉ ቢጫ የመሰለው ሰማይ አንድ ቀለም አይደለም፤ ብርቱካናማው፣ ነጩና አረንጓዴ የሚመስለው በሰፊ ብሩሽ ተደራርቦ ተቀብቷል። ፓይል ወንበዴው ክፉ ሰው መሆኑን ወይም መቀጣት የነበረበት መሆኑን አይነግረንም። የሚያሳየን ብቸኝነትን ነው። ፊቱን አለማሳየቱ ደግሞ የሥራው ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል። ፊት ያለው ወንበዴ አንድ ሰው ነው፤ ፊቱን የደፋ ግን ማንም ሊሆን ይችላል።

ፓይል ከሠዓሊነቱ እኩል መምህርነቱ ይነሳል። ከ1894 ጀምሮ ፊላደልፊያ በሚገኘው በድሬክሰል ተቋም አስተማረ። በ1900 ያንን ትቶ ዊልሚንግተን፣ ፍራንክሊን ጎዳና ባለው ስቱዲዮው አጠገብ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከብዙ አመልካቾች ጥቂቶችን መርጦ ይቀበላል፤ ለማስተማሩ ግን ክፍያ አይጠይቅም። ተማሪዎቹን አጥብቆ ያስተማራቸው አንድ ነገር ነው፦ ሥዕሉ ውስጥ ግቡ። ጦርነት የምትሥሉ ከሆነ ጭሱ ይግባችሁ፤ የባሕር ማዕበል ከሆነ ልብሳችሁ ይርጠብ። ሞዴል አስቀምጦ መገልበጥ ለእሱ ፊደል መቁጠር ብቻ ነው፤ ንባቡ የሚጀምረው ሠዓሊው ራሱን በባለታሪኩ ቦታ ሲያስቀምጥ ነው።

ሴቶች ሙያ ይዘው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ በር እምብዛም ባልተከፈተበት በዚያ ዘመን ከፓይል ክፍል ስመ ጥር ሴት ሠዓሊዎች ወጥተዋል። ጄሲ ዊልኮክስ ስሚዝ፣ ኤልዛቤት ሺፐን ግሪን እና ቫዮሌት ኦክሊ ከእነሱ መካከል ናቸው። ወደ ስሚዝ ኋላ እመለሳለሁ። ከወንዶቹ ደግሞ አንዱ በ1902 መጸው፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው ግድም፣ ከማሳቹሴትስ ተነስቶ የመጣ ግዙፍ ወጣት ነበር። ስሙ ኒውዌል ኮንቨርስ ዋይዝ ይባላል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኤን ሲ ዋይዝ በሚለው አጠራር ነው።

ቻድስ ፎርድ

ከዊልሚንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ የፔንሲልቬኒያን ወሰን ያሻግርና ቻድስ ፎርድ ያደርሳል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። በድንጋይ የተሠሩ የገበሬ ቤቶች፣ የሣር ኮረብታዎችና የእንጨት አጥሮች ይታያሉ። በሴፕቴምበር 1777 የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር በእንግሊዞች የተሸነፈበት የብራንዲዋይን ጦርነት የተደረገው እዚሁ ነው። ፓይል በ1898 እና በ1903 መካከል ተማሪዎቹን በበጋ እያመጣ ያስተማረው በዚህች መንደር ነበር። ዋይዝ ቦታውን ያኔ ወደደው፤ ዕድሜ ልኩንም አልተለየውም።

የብራንዲዋይን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ቀድሞ የእህል ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮ ቤቱ በ1864 ተሠራ፤ በ1971 ሙዚየም ሆነ። ከወንዙ በኩል የመስታወት ግድግዳ ስላለው ጎብኚ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲያልፍ ውሃውንና ዛፉን እያየ ነው። ወንዙ ውበት ብቻ ሳይሆን ስጋትም አለው። በሴፕቴምበር 2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ቅሪት ዝናብ ባወረደ ጊዜ ብራንዲዋይን ከአልጋው ወጥቶ ግቢውንና የሕንፃውን የታችኛውን ክፍል አጥለቀለቀ። ሥዕሎቹ ግን ተረፉ።

ከሥዕሎቹ መካከል የመጣሁላቸው ዋይዝ በ1911 ለሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» የሠራቸው ናቸው። የኒው ዮርኩ አሳታሚ ቻርልስ ስክሪብነርስ ሰንስ ይህን ልብ ወለድ በአዲስ መልክ ለማውጣት ሲያስብ ሥራውን ለ28 ዓመቱ ዋይዝ ሰጠው። ሽፋኑንና የውስጥ ልባሱን ጨምሮ 17 ሥዕሎች ሠራ። መጽሐፉ እጅግ ተወደደ፤ ለልጆችና ለወጣቶች የሚታተሙ ባለ ሥዕል ልብ ወለዶች ተከታታይም የጸናው በዚህ መጽሐፍ ነው። ዋይዝ በተከፈለው ገንዘብ ቻድስ ፎርድ 18 ኤከር መሬት ገዛ፣ ቤትና ስቱዲዮ ሠራ። ከዚያ በኋላ «ኪድናፕድ»፣ «የንጉሥ አርተር ታሪክ»፣ «የሞሂካኖች መጨረሻ»፣ «ሮቢንሰን ክሩሶ» እያለ ከመቶ በላይ መጻሕፍትን በሥዕል አጀበ።

መጠናቸው ያስደንቃል። አብዛኞቹ የ«ትሬዠር አይላንድ» ሸራዎች ቁመታቸው 120 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው ደግሞ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በመጽሐፉ ገጽ ላይ ግን ከተዘረጋ መዳፍ ብዙም አይበልጡም። አሳታሚው የሚፈልገው ገጹን የሚሞላ ነገር ነው፤ ዋይዝ የሰጠው በር የሚሞላ ነገር ነው። ለምን? አንደኛው ምክንያት የሙያ ነው፤ ትልቅ ሥዕል ሲቀንስ ይጠብቃል፣ ጉድለቱም ይሸፈናል። ሁለተኛው ግን የመምህሩ ትምህርት ነው። ሥዕሉ ውስጥ ግቡ የተባለ ሰው ሊገባበት የሚችል ስፋት ያስፈልገዋል።

ጂም ሆኪንስ ከቤቱ የሚወጣበት ሥዕል ፊት ቆሜ የተረዳሁት ይህንን ነው። ጂም ሀብት ፍለጋ ወደ ባሕር የሚሄደው ልጅ፣ የታሪኩ ተራኪ ነው። ስቲቨንሰን የልጁንና የእናቱን ስንብት በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል። ደራሲው ወደ መርከቡ ቸኩሏል። ዋይዝ ግን ደራሲው የሮጠበት ቦታ ላይ ቆመ። ልጁ ከፊት ነው፤ ወደ እኛ ይራመዳል፤ ከንፈሩን ገጥሞ እንባውን የያዘ ይመስላል። እናቱ ከኋላው፣ ከቤቱ አጠገብ፣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ታለቅሳለች። ኃይለኛ ፀሐይ በሁለቱም ላይ ወርዷል። ልጁ ዞር ቢል ያያታል፤ ዞር ካለ ደግሞ አይሄድም። ስለዚህ አይዞርም።

ሸራውን ጠጋ ብዬ አየሁት። የእናትየው ሽርጥ በጥቂት ወፍራም የብሩሽ ምቶች የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ከሸራው ላይ ከፍ ብሎ ጠርዙ ይታያል። ዋይዝ እዚያ ጋ ፈጥኖ፣ እጁን ሳያመነታ ነው የሠራው። ጥላው ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ገብቶበታል። በታተመው ገጽ ላይ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ግራጫ ጠፍቷል። የእናትየው ሐዘንም አብሮ ቀንሷል፤ በገጹ ላይ እሷ ከልጁ ኋላ ያለች ትንሽ ምስል ናት፤ በሸራው ላይ ግን የሥዕሉ ግማሽ ክብደት እሷ ላይ ነው። ስለ ዋይዝ የጻፉ ብዙ ሰዎች በዚህ ሥዕል የራሱን ታሪክ ያያሉ። እሱም ከእናቱ ጋር እጅግ የተሳሰረ ልጅ ነበር፤ እሱም በወጣትነቱ ጥሏት ወጥቷል፤ ከወጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ሲጽፍላት ኖሯል። ከአገሩ የወጣ፣ በአየር ማረፊያ መስታወት ማዶ እናቱን የተሰናበተ ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሙዚየሙ የሚነሳ አነስተኛ አውቶቡስ ጎብኚዎችን ኮረብታው ላይ ወዳለው የዋይዝ ቤትና ስቱዲዮ ይወስዳል። ስቱዲዮው በሰሜን በኩል ግዙፍ መስኮት አለው፤ የሰሜን ብርሃን ቀኑን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ ሠዓሊዎች ይመርጡታል። ውስጡ ሠዓሊው አሁን ወጥቶ የሚመለስ ይመስላል። አሮጌ ጠመንጃዎችና አልባሳት አሉ፤ ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታንኳ አለ፤ የቀለም ማደባለቂያው፣ ብሩሾቹ፣ የፕላስተር ቅርጾቹ በየቦታቸው ናቸው። በ1923 ለግድግዳ ሥዕሎች ብሎ ያስቀጠለው ክፍል ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ ነው። ልጆቹን፣ ከእነሱም መካከል ኋላ በዓለም የታወቀውን አንድሩ ዋይዝን፣ ያስተማረው በዚህ ስቱዲዮ ነው።

ዋይዝ ግን በሙያው ሰላም አላገኘም። የመጽሐፍ ሠዓሊ መባል ያሳምመው ነበር። እውነተኛ ሠዓሊ የሚባለው ለራሱ የሚሥል፣ ሥዕሉ በኤግዚቢሽን የሚሰቀል ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የእሱ ሥራ ደግሞ የሌላ ሰው ታሪክ ማገልገል ሆኖ ታየው። የመልክዓ ምድርና የተቀመጡ ነገሮች ሥዕል እየሠራ ከዚህ ለመውጣት ዕድሜውን ሙሉ ሞከረ። በኦክቶበር 1945፣ 63 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት፣ ከቤቱ ብዙም በማይርቅ የባቡር ማቋረጫ ላይ መኪናውን ባቡር መታው። አብሮት የነበረው ትንሽ የልጅ ልጁም ሞተ።

እኔ ከአዳራሹ የወጣሁት በዚህ ነገር ዋይዝ ለራሱ እንዳልፈረደ አምኜ ነው። ታሪክን ማገልገል ሥዕልን አያሳንስም። ስንብቱን የሣለው ሰው ደራሲውን አልተከተለም፤ ደራሲው ያላየውን አይቷል። ፓይልም የወንበዴውን ፊት ሲደብቅ ታሪኩን አላጀበም፤ አጠለቀው። አሳታሚው ገጽ ስለጠየቀ፣ ሠዓሊው ደመወዝ ስለተከፈለው ሥራው ዝቅ አይልም። ሥራን የሚለካው ሠሪው ምን ያህል ራሱን እንደሰጠበት ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሰማዩ በኅትመት እንደሚደበዝዝ፣ ጥላው ግራጫ እንደሚሆን እያወቁ ሰማዩንም ጥላውንም በሙሉ ቀለሙ ሣሉት።

የጠፉትና የተገኙት

ለገጽ የተሣለ ሥዕል ከታተመ በኋላ ዕጣው ብዙ ጊዜ ክፉ ነበር። አሳታሚው የገዛው የማተም መብቱን ነው ወይስ ሸራውንም የሚለው ለረጅም ጊዜ ያልጠራ ጉዳይ ነበር። ብዙ ሥዕሎች በየማተሚያ ቤቱ መጋዘን ተከማቹ፤ ለአርታዒዎችና ለወዳጆች በስጦታ ተሰጡ፤ አንዳንዶቹም ተጣሉ። የ«ትሬዠር አይላንድ» ሸራዎች ራሳቸው ዛሬ በአንድ ቦታ የሉም። ጂም በመርከቡ ምሰሶ ላይ ሆኖ በሁለት ሽጉጥ ወንበዴውን የሚያስቆምበት ታዋቂው ሥዕል ኮነቲከት ውስጥ በኒው ብሪቴን ሙዚየም ይገኛል።

አንድ ታሪክ የእንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ዕጣ ያሳያል። በ2017 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ አንዲት ሴት ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ገብታ ክፈፍ ስትፈልግ አንድ አቧራማ ሥዕል በ4 ዶላር ገዛች። ለጥቂት ጊዜ ቤቷ ሰቀለችው፤ ከዚያም ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። በ2023 ሲጣራ «ራሞና» ለተባለው የሄለን ሃንት ጃክሰን ልብ ወለድ የ1939 እትም ኤን ሲ ዋይዝ ከሣላቸው አራት ሥዕሎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በጨረታ 191 ሺህ ዶላር ወጣለት። የመጀመሪያው ገዢ ባይከፍልም ሥዕሉ ኋላ ሌላ ገዢ አግኝቷል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የያዘኝ ሌላ ነው፤ ያ ሥዕል ለብዙ ዓመታት ከክፈፉ ያነሰ ዋጋ ያለው መስሎ መኖሩ።

ሁሉም ግን እንዲህ ግድ የለሽ አልነበረም። በ1932፣ ቀድሞ የሃርፐርስ መጽሔት የሥዕል አዘጋጅ የነበረው ዊልያም ፓተን የዚያን ዘመን ኦሪጅናሎች ለአገሪቱ ለማስቀረት ተነሳ። ሠዓሊዎችንና ቤተሰቦቻቸውን እየጠየቀ ሰበሰበ። ስብስቡ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከ250 የሚበልጡ ሠዓሊዎች ያበረከቱት ወደ 4 ሺህ የሚደርስ ሥራ ነው። ጄሲ ዊልኮክስ ስሚዝ በ1916 ለቻርልስ ኪንግስሊ «ዘ ዋተር ቤቢስ» የሠራቻቸው ኦሪጅናሎች ለዚህ ቤተ መጻሕፍት የተሰጡት በራሷ ኑዛዜ ነው። ስሚዝ ሠዓሊ ከመሆኗ በፊት የሕፃናት መምህርት ነበረች። ልጅን ስትሥል ለጎልማሳ ደስ እንዲል አስመስላ አይደለም፤ ልጅ ራሱ በሚቀመጥበት፣ በሚያጎነብስበት፣ ነገር አተኩሮ በሚያይበት ሁኔታ ነው። ከሰልና ቀለም አደባልቃ ትሠራለች፤ የከሰሉ መስመር ከቀለሙ ሥር ይታያል።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ የዚህን ስብስብ ሥራዎች አገላብጬ አየሁ። አብዛኞቹ በብዕር የተሠሩ ናቸው። ጠርዛቸው ላይ የማተሚያ ቤት ሰው በእርሳስ የጻፈው ይታያል፤ ስፋቱ ይህን ያህል ይቀነስ፣ ገጽ ይህ ይላል። የተሳሳተ መስመር በነጭ ቀለም ተሸፍኖ እንደገና ተሠርቷል። ይህ ነጭ ቀለም በመጽሐፉ ላይ አይታይም፤ ኦሪጅናሉ ላይ ግን ሠዓሊው የት ጋ ሐሳቡን እንደቀየረ፣ የትኛውን እጅ ሁለቴ እንደሣለ ይመሰክራል። ሥዕል መማር ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የበለጠ መምህር የለም። ስብስቡን ለማየት የአንባቢ መታወቂያ በነጻ ማውጣት ይቻላል፤ አብዛኛውም በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። በዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ወላጆች፣ ሥዕል የሚወድ ልጅ ካላችሁ ይህን አሳዩት።

ለአገር ቤት አሳታሚዎች፣ ደራሲዎችና የሠዓሊ ቤተሰቦችም አንድ ልመና አለኝ። የአማርኛ መጻሕፍት ሽፋንና የውስጥ ሥዕል የሣለ እጅ ሁሉ ኦሪጅናል ሠርቷል። በመሳቢያ፣ በካርቶን፣ በማተሚያ ቤት መደርደሪያ እንዲህ ያለ ወረቀት ካገኛችሁ አትጣሉት። በጀርባው የሠዓሊውን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉበት። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። እናንተ መጠበቅ ካልቻላችሁ ለወመዘክር ወይም ለሙዚየም አስረክቡት። ዊልሚንግተን ሙዚየም ያገኘችው ሰዎች በጊዜው ይህን ስላደረጉ ነው።